ከመስመሩ ውጪ አንድ ሳንቲሜትር

ሓጎሰይ፣

እንደምን ከረምክ አልልህም። ያለህበት ቦታ ክረምትና በጋ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ደክሞኛል። ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ያወጣን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እንግዲህ በቃሽ፣ ጥቁሩን አውልቂ አለኝና አወለቅሁ። ድካሙ ግን አብሮ የሚወልቅ አይደለም። ጠዋት ደክሞኝ እነሳለሁ፣ ማታም ደክሞኝ እተኛለሁ፣ በመሃል ደግሞ የሰው ልብስ እሰፋለሁ።

ደብዳቤ እንደማልጽፍልህ ምዬ ነበር። ለሞተ ሰው መጻፍ እጁ ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው ብዬ። በሕይወት ሳለህም ጽፌልህ አላውቅም፤ ከሰፈራችን ከዓዲ ሓቂ ርቀህ የት ሄደህ! ዛሬ ግን ከረፋዱ ጀምሮ መብራት ጠፍቷል። ካውያው ቀዝቅዟል፣ መኪናዬም ቆማለች። ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ስር ያንተ ቡናማ ወረቀት ተርፎ አገኘሁና በሱ ላይ እየጻፍኩልህ ነው። በዚህ ሰሞን የደረስኩብህ ነገር አለ፤ ሳልነግርህ ብቀር ያንቀኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሊያ ቁመቷ ከኔ አልፏል። ቀሚሷን ባስረዘምኩ ቁጥር ያጥራታል። ሒሳብ እንዳንተ ትወዳለች፣ ጸባይዋ ግን የኔ ነው፣ እግዜር ይርዳት። ብስክሌትህን ለማንም አልሰጠሁም፤ ጎማው ተንፍሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የግቢው ቧንቧ አሁንም ውሃ የሚያመጣው ደስ ሲለው ነው። የኔ ዓይን ደግሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እምቢ ብሎኛል። ሊያ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክታልኝ ትሄዳለች። አሥሩ ካለቀ የቀረውን ቀን አዝራር መትከል የለም።

አውሮፕላን እንደ ልቡ ይመላለሳል። ጠዋት ኩሓ ማረፊያ ለመውረድ በላያችን ሲያልፍ ሊያ እንደ ጦርነቱ ጊዜ አልጋ ስር አትገባም። ጉርሻዋን ግን አየር ላይ ታቆማለች፤ ድምፁ እስኪያልፍ አፏ አታደርሰውም። በረራው የተመለሰ ሰሞን አንተ ነበርክ ወስደህ ከማረፊያው አጥር ወዲህ፣ መንገዱ ዳር ያስቀመጥካት። ይሄኛው ባለ ፕሮፔለር ነው፣ ድምፁ የሚርገበገበው ለዚያ ነው፤ ያኛው ደግሞ ጄት ነው፣ አየር ከፊት ውጦ በኃይል ወደ ኋላ ይተፋል እያልክ። ሰው የሚፈራውን ነገር ስሙን ካወቀ ፍርሃቱ ይቀንስለታል ትል ነበር። እኔ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ በለስ እልጣለሁ። አንዱ ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ኋላ ሌላ ክንፍ እየተዘረጋ ሲወጣ አየሁና ቀሚሱን አስረዘመ አልኳችሁ፤ ሁለታችሁም ሳቃችሁብኝ። ከዚያ ትንሽ አስበህ፣ ልክ ነሽ፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ብዙ ጨርቅ ያስፈልገዋል አልክ። ያን ቀን ሊያ አራት በለስ በላች፤ አውሮፕላን ሲያልፍም አላቋረጠችም።

የተገናኘንበትን ቀን ሰሞኑን ደጋግሜ አስባለሁ። እኔ አክስቴ ዘንድ ስፌት ልማር ከኮምቦልቻ የመጣሁ፣ ትግርኛዬ ከሰላምታ የማያልፍ ልጅ ነበርኩ። አንተ የካምፓሱ ወርክሾፕ መምህር። ብርቱካናማ ናይሎን ጨርቅ ይዘህ ገባህና አፉ ሰፊ፣ መጨረሻው ጠባብ የሆነ እጅጌ እንድሰፋልህ ጠየቅኸኝ። አንድ ብቻ። ሌላው እጁ ምን ሆኖ ነው ብዬ ሰርቄ አየሁህ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ለነፋስ ነው አልከኝ። አክስቴ በጆሮዬ ይሄ ልጅ ጤነኛ አይደለም አለችኝ። የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ መሆኑ የገባኝ በሳምንቱ ነው፤ ካምፓሱ ጣሪያ ላይ ተነፍቶ እንደ ብርቱካናማ ክንድ ወደኛ ሱቅ ሲያመለክት አየሁት። ከዚያ ወዲያ ምክንያት እየፈጠርክ ትመጣ ጀመር። ያልተቀደደ ሸሚዝ እንኳን አምጥተህ ስፊልኝ ብለኸኝ ታውቃለህ።

አክስቴ ሙያውን ስታስተምረኝ የመጀመሪያው ሕጓ አንድ ነበር፤ በመስመሩ ላይ አይቆረጥም። የሰውየው ልክ በሳሙና ስባሪ ይሠመራል፣ መቀሱ ግን ከመስመሩ ውጪ አንድ ሳንቲሜትር ለስፌት ትቶ ይሄዳል። ያቺን ያልተወች ሰፊ ልብሱን ገጥማ ስትጨርስ ይጠብባታል፣ ባለቤቱም አይለብሰውም። ስረሳ በማስመሪያው እንጨት ጣቴን ትመታኝ ነበር። እየቆየ እጄ ለመደው። ኋላ ላይ እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ፣ እጄ ለራሱ ያንን ሳንቲሜትር ይተዋል። ይህን የማነሳልህ በምክንያት ነው፤ ቆይ።

ከተጋባን በኋላ ያንን የነፋስ ዋሻህን ሠራህ። ወርክሾፑ ውስጥ ከችፑድ የተገጣጠመ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ረጅም ሳጥን። በአንዱ ጫፍ ከተጣለ የወፍጮ ሞተር ላይ ከዋንዛ እንጨት የጠረብከውን ማራገቢያ ገጠምክበት። ቅጠሎቹ ከመሃል እስከ ጫፍ ለምን ይጠመዘዛሉ ብዬ ብጠይቅህ ጫፉ ከመሃሉ ስለሚፈጥን ነው አልክ፤ ፕሮፔለር ማለት እየዞረ የሚበር ክንፍ ነው አልክ። ራት ቀዝቅዞ ነበር፣ አንተ ግን በማንኪያ እያዞርክ ታሳየኝ ነበር።

ክንፍ እዚያ ዋሻ ውስጥ ይሰቀላል፣ ነፋስ ይለቀቅበታል። ከኔ ቁርጥራጭ ቀይ የሱፍ ክር ወስደህ ጀርባው ላይ በረድፍ ትለጥፋለህ። አየሩ ክንፉን ተከትሎ ሲሄድ ክሮቹ ተኝተው ይቆያሉ። ክንፉን ትንሽ በትንሽ ቀና ስታደርገው የሚያነሳው ኃይል ይጨምራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን አየሩ ጀርባውን መከተል ያቅተዋል፣ ክሮቹ ይነሱና ይንቀጠቀጣሉ፣ የሚያነሳውም ኃይል ይጠፋል። አንተ ይህን ዛለ ትለው ነበር። ክንፉ ዛለ። ሊያ ሕፃን ሆና በመስኮቱ እያየች የዛሉትን ክሮች ትቆጥርልህ ነበር።

አንተ ስትፈልገው የኖርከው ፈጣን ክንፍ አልነበረም። የኛ ከተማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፣ ክንፍ የሚይዘው ነገር ያጣል ትል ነበር። የፈለግከው ቀስ ብሎ ሲሄድም የሚያነሳ፣ ሲዝልም ባንዴ የማይጥል ክንፍ ነው። ከኋላ ጠርዙ ጀምሮ እየቆየ የሚዝል፣ ለአብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ እንዲድን ጊዜ የሚሰጥ። ለዚህ ደግሞ ሆዱ ወፈር፣ ፊቱ ዱልዱም ያለ መሆን አለበት። ስስና ፊቱ ሹል የሆነው ይፈጥናል፣ ሲዝል ግን ምሕረት የለውም። ይህን ሁሉ የማውቀው ተምሬ መሰለህ? ሃያ ዓመት ሰው በየራቱ ስለ አንድ ነገር ሲነግርህ ድንጋይም ብትሆን ይገባሃል።

አሠራራችንም ይሄ ነበር። የክንፉን የጎን አጥንቶች ቅርጽ አንተ በቡናማ ወረቀት ላይ ትሥላለህ፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ በካርቶን እቆርጣለሁ፣ አንተ ካርቶኑን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ተማሪዎችህም በካርቶኑ ልክ እንጨቱን ይጠርባሉ። ከማንም መጋዝ ያንቺን መቀስ አምናለሁ አልከኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬን የዘጋህብኝ መስሎኝ ይህን ወረቀትህን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሳልኝ እያልኩ እጨቀጭቅሃለሁ። ለደንበኛ ግን የማወራው ሌላ ነው። ዓዲ ሓቂ ውስጥ የአውሮፕላን ክንፍ የምትቆርጥ ሰፊ እኔ ነኝ ብዬ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ የመጣችውን ሁሉ ክንፍ አሳያት ነበር።

የመጀመሪያውን ጥቅል የሰጠሁህን ቀን አስታውሳለሁ። አንዱን ካርቶን አነሳህ፣ ማስመሪያ አስጠጋህበት፣ ቆየህ። ወረቀቱን አየህ፣ ካርቶኑን አየህ፣ እኔን አየህ። እኔ እዚያች ደቂቃ ውስጥ ለአንዷ ደንበኛ ይሄ ክንፍ ነው እያልኩ እያሳየሁ ነበር። ከዚያ ጽቡቕ ኣሎ አልክ፣ ጥሩ ነው ማለትህ ነው፣ ጠቅልለህ በብብትህ ይዘህ ሄድክ። እኔም ረሳሁት።

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ማንሳት አልወድም። አልጋ ላይ ሆነህ ጉልበትህ ላይ ጣውላ አድርገህ ትሥል ነበር። ሻይ ስኒ መያዝ ያቃተው እጅ የኔን ጠማማ ማስመሪያ ተደግፎ መስመር ያወጣል። ተው ብልህ አትሰማም። ጨርሰህ ጥቅልሉን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳስቀምጠው ነገርከኝ፣ አስቀመጥኩት። በማግስቱ በእናትህ ስም ጠራኸኝ። ደንግጬ አቤት አልኩ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ደግሞ እጄን ይዘህ፣ በዕድሜዬ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ብርቱካናማ ጨርቅ ነው አልከኝ። በዚያች ቃል ነው እስካሁን የኖርኩት፣ ሌላ የያዝኩት የለም። ልብ በል፣ ያንን ያልከኝ በእናትህ ስም ከጠራኸኝ በኋላ ነው።

ከሞትክ በኋላ ያንን ጥቅልል መቁረጥ አልቻልኩም። መቀሱን አነሳለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ሱሪ እቆርጣለሁ፣ ጋዋን እቆርጣለሁ፣ ያንተን አልችልም። ርግበ መጥታ ስትጠይቀኝ ሰጥቻት ተገላገልኩ። ርግበን ታውቃታለህ፣ ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት ተማሪህ፤ አሁን በቦታህ ገብታ ታስተምራለች። ሥዕሎችህን ሰብስበው ስምህን ጽፈው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሊያወጡ ነው፣ የመጨረሻውም ክንፍ በመጽሐፉ ይገባል አለችኝ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው በማሽን፣ ፀጉር ታህል ሳይስቱ በመስመሩ ላይ ቆረጡት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ርግበ ሱቄ መጣች። ቆማ የክር ማጠንጠኛ እያነሳች ታስቀምጣለች። የደንበኛ ልብስ ያቃጠለች ተለማማጅ እንደዚያ ስትሆን ስለማውቅ ቁጭ በይ አልኳት። ክንፉ እምቢ አለ፣ ኣደይ የሺ አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። ገና ጥቂት ቀና ሲል ክሮቹ ሁሉ ባንዴ ተነሱ፤ ሦስት ጊዜ ሞከሩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው። ስለዚህ ገጹ ከመጽሐፉ ይቅር ተባለ። ከመምህራኑ አንዱ፣ በክፋት አይደለም አለችኝ፣ ነፍሱን ይማረውና በዚያ ሰሞን አእምሮው ደክሞ ነበር ብሏል።

እኔም አልተቆጣሁም። እንዴት ልቆጣ? በእናትህ ስም እንደጠራኸኝ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እሺ ብዬ ሸኘኋትና ቀሚስ መተኮሴን ቀጠልኩ። ያ ሳምንት ግን ከቀብርህ ሳምንት ባሰብኝ። እዚያ ላይ ሞተህብኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሳትሞት በፊት ሄደህ እንደነበር ነው የነገሩኝ። አእምሮህ መስመር ማውጣት ካቃተው ያቺም ቃል ያንተ አይደለችም ማለት ነው። ለማን እንደተናገርክ ሳታውቅ ያልከውን ይዤ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ስኖር ነበር ማለት ነው። ሊያ ምን ሆነሽ ስትለኝ ወገቤን አመመኝ እላለሁ። ሦስት ጊዜ እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ። አክስቴ ብትኖር ጣት አይተርፈኝም ነበር።

ርግበ ግን እንዳልኩህ ናት፤ አልተዋትም። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፣ በአንድ እጇ ከድሮዎቹ ክንፎች የተፈታ የእንጨት አጥንት፣ በሌላው ያንተን የመጨረሻ ወረቀት ይዛ። የድሮው ክንፍ ደህና እየሠራ አዲሱ ለምን ይዝላል፣ ቅርጻቸውን ላስተያይ ብላ ነው፤ ሰፊ ጠረጴዛ ያለኝ እኔ ነኝ። እንጨቱን ወረቀቱ ላይ አስተኛችው። እንጨቱ መስመሩን ሸፍኖ ዙሪያውን ወጣ። ከላይም፣ ከታችም፣ ከፊቱም፣ ከኋላውም፣ እኩል። እሷ ገና ማስመሪያ ስትፈልግ እኔ አውቄዋለሁ። ያ የትም ባየው የማልስተው ነው። የኔ ሳንቲሜትር ነበረች።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ አልኳት። ያን ሁሉ ዓመት የሱን መስመር ትቼ ለስፌት ስተው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ እንጨት እንደማይሰፋ እንኳን አላሰብኩም፣ ክንፎቹን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሰው ልብስ ሳይሆን የባሌን የዕድሜ ልክ ሥራ ከልኩ አውጥቼ ቆረጥኩት ብዬ አለቀስኩ። እሷ እዋይ አለች። ከዚያ ኣጆኺ፣ አይዞሽ እያለች ትከሻዬን ይዛ፣ ቆይ አንዴ መዝገቡን ልይ ብላ ሄደች፤ ስሌትህን የጻፍክባቸውን ደብተሮች ማለቷ ነው። በካምፓሱና በሱቄ መሃል ያለውን መንገድ ሮጣ ሄዳ ሮጣ ተመለሰች፤ ባጃጅ እንዳይገጫት ከበር ቆሜ ጸለይኩ።

ደብተርህን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ለድሮውም ለመጨረሻውም ክንፍ ያሰላኸው የሆድ ውፍረት ስድስት ሳንቲሜትር ከሰባት ሚሊሜትር ነው። እንጨቱን ለካችው፤ ስድስት ከሰባት። ወረቀቱን ለካችው፤ አራት ከሰባት። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ የጎደለው። ስሌቱ ልክ ነው፣ እንጨቱም ልክ ነው፣ ከስሌትህ ያነሰው ሥዕልህ ብቻ ነው፤ ማሽኑ በመስመሩ ላይ ቆርጦ ስስ ክንፍ ያወጣው ለዚህ ነው። የቀሩትን ጥቅልሎች ሁሉ አወጣን። የመጀመሪያው፣ ያ ማስመሪያ አስጠግተህ የቆምክበት፣ በስሌትህ ልክ የተሣለ ነው። በደብተሩ ዳር በእርሳስ፣ ወፍሯል፣ ሥዕሉ ይታረም ብለህ ጽፈሃል። ከሁለተኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያሉት ሁሉ አንድ ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ነው የተሣሉት።

ሥዕሉ ይታረም። ሰፊዋ ትታረም ማለት አልሆነልህም?

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ላንተ ነው። አንዲት ቃል ብትነግረኝ አልሞትም ነበር። የሺየ፣ እንጨት ስፌት የለውም ብትለኝ ስቄ አርመው ነበር፤ ወይም ሁለት ቀን አኩርፌህ በሦስተኛው አርመው ነበር። አንተ ግን ያን ቀን በደንበኛ ፊት ስኩራራ አይተህ ልታሳፍረኝ አልፈለግክም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመናገር ጊዜው አለፈብህ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚስትህን ስህተት በስሌትህ ውስጥ አስገብተህ ስትቀንስ ኖርክ፤ ስስ አየርን እንደምትቀንሰው፣ የሞተሩን ድካም እንደምትቀንሰው። እኔ ደግሞ አልጋ ላይ ጣውላ ተደግፈህ ስትሥል አጠገብህ ቁጭ ብዬ እጁ እየሳተ ነው ብዬ አዝን ነበር።

ከዚያ ሌላው ነገር ገባኝ። ያ መጨረሻው ወረቀትም አንድ ሳንቲሜትር ገብቶ ነው የተሣለው። ስኒ መያዝ ባቃተህ ጊዜ፣ በእናትህ ስም በጠራኸኝ ዋዜማ፣ ማን እንደሚቆርጠው ታውቅ ነበር። እጄ ምን እንደሚተው ታውቅ ነበር። አእምሮህ እዚያው ነበር ሓጎሰይ። ያ ብርቱካናማ ጨርቅም ለኔ የተነገረ ነው። ጥቅልሉን ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪው ያልከኝ እኔ እንደምቆርጠው አውቀህ ነው። እኔ ነኝ ፈርቼ ለማሽን የሰጠሁት፤ በዚህ ይቅር በለኝ።

ሐሙስ ዕለት ሱቁን ዘግቼ ቆረጥኩት። እንደማላስብ ሆኜ ለመቁረጥ ሞከርኩ፣ አስቸጋሪ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ሳንቲሜትር እያወቅኳት ተውኳት፤ መቀሱ ከላቤ ይንሸራተት ነበር። ተማሪዎቹ እንጨቱን ጠረቡ፣ ጨርቁን እኔ ሰፍቼ አለበስኩት። ቀዩን ክር ሊያ ለጠፈች። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑ ገባን። ያ አእምሮው ደክሞ ነበር ያለው መምህርም መጥቶ ከኋላ ቆሟል።

የወፍጮው ሞተር ተነሳ፣ የዋንዛው ማራገቢያህ እያጉረመረመ ዞረ። ድምፁ ሊያን ያስደነግጣት ይሆን ብዬ ዞሬ አየኋት፤ መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋለች፣ እንደ ሕፃንነቷ። ክሮቹ ተኙ። ርግበ ቀና አደረገችው፣ ተኝተዋል። የማሽኑ ክንፍ ከዛለበት አለፈች፣ ተኝተዋል። ገና ብዙ ሄዳ ከኋላ ጠርዝ አንድ ክር ተነሳ። ሊያ አንድ አለች። ቆየና ሁለት። ሦስት። ከኋላ ወደ ፊት፣ ሳይቸኩል፣ አንተ እንዳልከው ለሰው ጊዜ እየሰጠ። እዚያ ላይ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። መምህሩ መጥቶ ከጎኔ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ርግበ መልሳ አፍንጫውን ዝቅ ስታደርገው የተነሱት ክሮች አንድ በአንድ ተመልሰው ተኙ።

ገጹ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ተማሪዎች እንዳይሳሳቱ ርግበ በስሌቱ ልክ አስተካክላ ትሥለዋለች፤ ያንተ እጅ ያረፈበት ወረቀት ግን እኔ ዘንድ ይቀራል፣ ግድግዳው ላይ ከሜትሩ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ከሥዕሉ ግርጌ ሥዕል በሓጎስ፣ ቆረጣ በየሺ ብለን እንጻፍ አሉኝ። አይሆንም አልኩ። ሊያ ተቆጣችኝ፣ ጸባይዋ የኔ ነው ብዬህ የለ። ይሁን አልኩ።

አሁንም ደክሞኛል። ይህ ሁሉ ሆኖ ድካሙ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር፣ አልጠፋም። ግን አንድ ነገር አስቤያለሁ። የዛለ ክንፍ ይበልጥ ቀና ቢያደርጉት አይነሳም ትል ነበር፣ መጀመሪያ ዝቅ ይበል። እኔ ደግሞ ከሞትክ ጀምሮ ቀና ቀና ስል ነው የከረምኩት። ስለዚህ በመጪው እሁድ ሱቁን እዘጋለሁ። ሊያን ይዤ በለስም ይዤ ኩሓ መንገድ ዳር እቀመጣለሁ። ጉርሻዋን አየር ላይ እንዳታቆም አልነግራትም፣ አጠገቧ ሆኜ በለሱን እልጣለሁ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ የኔን መሐላ ከላይ አይተኸዋል። እጄ ግን እኔን አይጠይቅም። የማንም ልብስ ይሁን፣ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር ከመስመሩ ውጪ አንድ ሳንቲሜትር ይተዋል። ሃያ ዓመት ያንን ቦታ ሳትነግረኝ ለኔ ስትተውልኝ ኖርክ። ከእንግዲህ እኔ ላንተ እተውልሃለሁ።

ያንተው የሺ